የለምዱ ቅቤ

ፖሊሹ እንደገና ተድቦለቦለ። አብደላ ማሽኑን አጥፍቶ ከመኪናው ኮፈን ላይ አነሳና ጎንበስ ብሎ አየ። ጠዋት እንደ ውሃ ተዘርግቶ የነበረው ነጭ ቅባት አሁን ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ተቆነጠረ ሊጥ እየተንከባለለ በጥቁር ሰማያዊው ቀለም ላይ ተበታትኗል። በጣቱ ቢጠርገው ሞራ የነካው ይመስል ተንሸራተተና ደብዛዛ መንገድ ትቶ ሄደ። "አስተግፊሩላህ" አለ ለራሱ። ከዚህ የከፋ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ላንድሮቨሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡትን እንግዶች ከማረፊያው ሜዳ ተቀብሎ ወደ ላሊበላ የሚያወጣቸው ይህ መኪና ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ቀናት ቀርተውታል፤ እንግዶቹ ከበዓሉ በፊት አብያተ ክርስቲያናቱን ማየት ፈልገዋል ተብሏል። ሌላ ዓመት ቢሆን በጳጉሜን፣ እንኳን አውሮፕላን፣ አሞራም እዚያ ሜዳ ላይ ለማረፍ ያመነታ ነበር፤ ጭቃው አያስቆምም። ዘንድሮ ግን ክረምቱ ክረምት መሆኑን ረስቷል። ሰማዩ እንደ ጥር ጠርቶ፣ ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዝናብ በማምጣት ፈንታ አቧራ ይዞ ይመጣል። ከጋራዡ አጥር ውጭ፣ ከብልባላ በኩል የመጡ ሰዎች እህል ይታደላል የተባለውን ወሬ አምነው ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መታደሉ ከተወራ ሰንብቷል፤ እህሉን ግን ያየ የለም።

አብደላ የመርሳ ሰው ነው። ቀለም ቀቢነቱን የተማረው ደሴ፣ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ መንግሥት ማሽኑንም እሱንም አንድ ላይ ወርሶ ወደ ላስታ ላካቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ የመኪና ጠርዝ ላይ ቀለም በማሽን አቃጥሎ አያውቅም፤ ይህ በሙያው ሰዎች ዘንድ ቀላል ስም አይደለም። ሌላም ስም አለው። አይምልም። በገበያ ቀን "ወላሂ" ከጨው ይልቅ ርካሽ ነው፤ ሽንኩርት ሻጩም ፍየል ሻጩም ይዘራዋል። የአብደላ አባት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነግዱ ኖረው አንድም ቀን ሳይምሉ ሞቱ ይባልላቸዋል፤ ልጃቸውም ከእሳቸው የወረሰው ይህንኑ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ውባንተ መጥቶ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አይቶ ነበር። የመንገዱ ጠጠርና የዳር አጋም ቀለሙን ሞነጫጭሮታል፤ ፀሐይ ደግሞ አመድ አስመስሎታል። ውባንተ ነገ ማታ እንደ መስተዋት ሆኖ ማየት እንደሚፈልግ፣ ካልሆነ ግን ስንፍና ብሎ እንደማያልፈው፣ ስሙ አሻጥር እንደሆነ ነገረው። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ይደርሳል ወላሂ በል አለው።

"ወላሂ አልልም" አለ አብደላ። "ኢንሻአላህ ይደርሳል።"

ውባንተ ሳቀ። ያች "አሻጥር" የምትባል ቃል ግን አብደላ ሆድ ውስጥ ቀረች። በእሷ ሰበብ ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ያውቃል።

ችግሩ ቀለሙ አልነበረም፤ ቀለም ይታከማል። ችግሩ ማሽኑ ላይ የሚታሰረው የበግ ጸጉር መወልወያ ተበልቶ ማለቁ ነው። ከደሴ እንዲላክለት ጠይቆ ነበር፤ መንገዱ ተከፈተ ሲባል እየተዘጋ፣ መኪናም በእጀባ ካልሆነ ስለማይንቀሳቀስ የመጣ ነገር የለም። ያንን ሁሉ ጭረት በእጅ ጨርቅ ፈግፍጎ ለነገ ማድረስ ደግሞ የአንድ ሰው ክንድ የሚችለው አይደለም።

ትናንት ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ሳይናገር ተናገረበት። ቤት ማለት የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መሪጌታ ብራና ፍቀው መጽሐፍ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። እሱ ሲሰግድ እሳቸው ዜማቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሳቸው ሲጾሙ እሱ ሥጋ ግቢያቸው አያስገባም፤ በዚህ ዓይነት ተስማምተው ይኖራሉ። ዓምና ስለ ረሃቡ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተናገሩ ተብለው ታስረው ነበር። ሲፈቱ ጉልበታቸው እስር ቤት ቀርቶ ነው የመጡት፤ ከዚያ ወዲህ ካለ ምርኩዝ አይነሱም። ነገሩን አዋይቷቸው ሳይጨርስ መሪጌታ ባለቤታቸውን እመት አሰለችን ከራስጌያቸው የተሰቀለውን ለምድ እንዲያወርዱላቸው ለመኗቸው። መሪጌታ የተባሉ ዕለት መምህራቸው በትከሻቸው ላይ ያኖሩላቸው፣ ጸጉሩ ያልተሸለተ የጠቦት ለምድ ነው። አብደላ ገብቶት እጃቸውን ሊይዝ ቢቃጣም የብራና መቁረጫው ካራ ቀድሞት ነበር።

"ተው ልጄ" አሉት። "ሰው ከሚቀደድ ለምድ ይቀደድ።"

ማሽኑን ልክ አድርገው፣ በብራና ሰው እጅ፣ ክብ አድርገው ቆረጡለት። ጠዋት ደግሞ ወደ ሥራ ሲወጣ እመት አሰለች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት። "ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኖ ነበር፤ አለሳልሼልሃለሁ። ደረቅ ለምድ ለሰው አይሰጥም፣ ነውር ነው" አሉት። እሱም አላህ ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። በምን እንዳለሳለሱት አልጠየቀም፤ ልቡ ጋራዡ ደርሶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለሱ ዓይነቱ ነው።

አሁን ኮፈኑ ፊት ቆሞ የሚያስበው ግን ስለ ለምዱ አይደለም። መጀመሪያ የጠረጠረው ፀሐይን ነው። ቆርቆሮ ሲግል ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል፤ ይህን የሙያው ጀማሪም ያውቃል። ዘበኛውን ጠርቶ ላንድሮቨሩን እየገፉ ከዛፉ ጥላ ሥር አስገቡት፤ ኮፈኑም እስኪበርድ ጠበቀ። ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አኑሮ ማሽኑን ቀስ ብሎ ሲያሳርፈው፣ ማሻአላህ፣ ሥራው እንደ ድሮው ሆነ። ጭረቱ ጠፋ፤ የዛፉ ቅጠል ቀለሙ ውስጥ ታየ። ልቡ መለስ ከማለቷ ፖሊሹ ተድቦለቦለ።

እንግዲያ በዝቶ ይሆናል ብሎ ቀነሰ። ያው ሆነ። ነፋሱ ውሃውን እየጠጣበት ይሆናል ብሎ በጣቱ ጫፍ ውሃ ረጨ። ይባስ አንሸራተተ። ጄኔሬተሩ ማሽኑን ከልክ በላይ እያስጮኸው እንደሆነ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ፤ ድምፁ ደህና ነው። ፖሊሹ ጣሳው ውስጥ ቆይቶ አርጅቶ እንደሆነ በጨርቅ አድርጎ በእጁ የበሩ ጥግ ላይ ሞከረው፤ እንከን የለውም። ጸጉሩን በብሩሽ አበጥሮ የደረቀውን አራገፈ። ከዚያ በኋላ እንኳ ነገሩ አልተለወጠም፤ ማሽኑ ሲጀምር መልአክ ነው፣ ሲሞቅ ሰይጣን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያበራ የመሰለውን ቦታ በሳሙና ሲያጥበው ታየ። ጭረቱ አልጠፋም ነበር። አንድ ነገር ሞልቶት ነው የተደበቀው፤ ቅባቱ ሲታጠብ የሸረሪት ድር የመሰለው ክብ ክብ ጭረት ሁሉ ወጣና አፈጠጠበት።

ምንድን ነው የሞላው? አብደላ ይህን እያሰበ ማሽኑን እንደገና አስነሳ። ያን ጊዜ ነው ዘበኛው ከበሩ የጮኸው።

"አብደላ፣ ቅቤ እያነጠርክ ነው እንዴ?"

እሱ የፖሊሽና የላምባ ሽታ የለመደ አፍንጫ ይዞ አላወቀም። ሌላው ሰው ግን አወቀ። የጋለ ቅቤ ሽታ፣ ትንሽ ከቆየ ቅቤ የሚወጣው ያ የወፍራም ወጥ ሽታ፣ ከኮፈኑ ተነስቶ በነፋሱ አጥሩን አልፎ ሄዷል። ግንቡን ተደግፈው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሱ። አልጮኹም፣ አልለመኑም። አንዲት ሴት ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አውርዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ጋራዡ አቅንታ ቆመች። አብደላ ማሽኑን አጠፋው። እንደዚያ ያፈረበት ቀን አላስታወሰም።

ለምዱን ፈትቶ ገለበጠው። የቆዳው ወገን ወርቅማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ሙቀት ያገኘው ቅቤ በቆዳው ተሻግሮ ወደ ጸጉሩ ወርዷል። ለምድ በቅቤ ታሽቶ እንደሚለሰልስ እሱም ያውቃል፣ በአገሩ ያላየው ነገር አይደለም። ቅቤ እንኳን ለለምድ ለአፍ በጠፋበት ዓመት ግን ማን ያስባል? በመሪጌታ ቤት ያለችው ቅቤ አንዲት ብቻ ናት፤ ከመቃኑ ላይ በተሰቀለች ቅል ውስጥ ያለች፣ ለመሪጌታ ጉልበት ማሻ የተቀመጠች። እመት አሰለች ማታ ማታ በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጥረው ነበር የሚያወጡላቸው። የለምዱን ክብ በመዳፉ መዘነው። ቅሏ ሙሉዋን እዚህ ላይ አልቃለች ማለት ነው። ሰው ሲቸር ምነው እንዲህ እስከ መጨረሻው ይቸራል ብሎ ሊቆጣቸው ቃጣው፤ ወዲያው ደግሞ ሊያለቅስ ደረሰ።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ጓድ ውባንተ በዚያው ቅጽበት በበሩ ገባ። ሽታውን ከመንገድ ጀምሮ ተከትሎት ነው የመጣው። በአጥሩ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች፣ ኮፈኑ ላይ የፈዘዘውን ግራጫ ዝባዝንኬ፣ አብደላ እጅ ላይ ያለውን ለምድ በየተራ አየ። ጣቱን ለምዱ ላይ አሳርፎ ወደ አፍንጫው ወሰደው።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ጠየቀ፣ አብደላም እስከ ማታ እንደሚያስተካክለው ነገረው። ለምዱን በትኩስ አመድ ውሃ አጥቦ ቅባቱን እንደሚያወጣ፣ ጸጉሩ በዚህ ነፋስ ፈጥኖ እንደሚደርቅ፣ ቀለሙም እንዳልተጎዳ አስረዳ። ውባንተ ግን መኪናውን ትቶታል። ለምዱን ከእጁ ወስዶ ጠርዙ ላይ የቀረችውን ሐር ክር በጣቱ ይነካካ ጀመር።

"ይሄ የካህን ለምድ ነው" አለ። "የምታድረው ማን ቤት እንደሆነ አውቃለሁ።"

አብደላ የቀባውን እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ቅቤ ደብቆ የሚያኖር ቤት አለ ማለት ነው" አለ ውባንተ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወዳጅ ሆኖ ነው የሚናገረው። "ያንን ቅቤ ደግሞ ለበዓሉ በተሰናዳ የመንግሥት መኪና ላይ አስቀባ። ጓድ አብደላ፣ አንተ ሠርቶ አደር ነህ፤ አንተን አልጠረጠርኩም። ሽማግሌው ከዚህ በፊትም አንደበታቸው አርፎ አልተቀመጠም። ለምዱን የሰጡህ እሳቸው እንደሆኑ፣ ቅቤው ከሳቸው ቤት እንደወጣ ብቻ ንገረኝ። አንተ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።"

መንገዱ የተጠረገ ነበር። እውነትም ነበር። ለምዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ቅቤውም ከእሳቸው ቤት ነው። በሕይወቱ ሙሉ እውነት ለመናገር ሲፈራ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ያች እውነት ከአፉ ብትወጣ መሪጌታን በምርኩዛቸው እየጎተተች ወደ እስር ቤቱ እንደምትመልሳቸው፣ ሁለተኛ በእግራቸው እንደማይወጡም አወቀ። እመት አሰለችም ባዶ ቅል ይዘው በር ላይ ሲቆሙ ታዩት።

"ቅቤው የኔ ነው" አለ።

"ያንተ?"

"የኔ። ለጉልበቴ ማሻ ከመርሳ ያመጣሁት ነው። ለምዱን ከገበያ ነው የገዛሁት፤ ደርቆ አስቸገረኝና እኔው ቀባሁት። ሲሞቅ እንደሚወጣ አላሰብኩም። የሥራ ስህተት ነው።"

ውባንተ ረጋ ብሎ አየው። ዘበኛው በሩ ላይ መሬት መሬት ያያል።

"አንተ የማትዋሽ ሰው ነህ" አለ በመጨረሻ። "ትናንት ለመኪና እንኳ ወላሂ አልልም አልከኝ። እሺ፤ ዛሬ በል። ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ በል። ካልክ አምንሃለሁ፤ ሽማግሌው ቤትም አልሄድም። ካላልክ ግን አሁኑኑ ነው የምሄደው።"

ይህ ሰው በየሳምንቱ ስብሰባ አምላክ የለም እያለ የሚያስተምር ነው። ሲቸግረው ግን የአምላክን ስም ከሰው ኪስ ውስጥ አውጥቶ መጠቀም ያውቅበታል። አብደላ ይህን አሰበና መራራ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። ሳቁ ግን አልመጣም፤ የመጡት አባቱ ናቸው። በመርሳ ገበያ፣ አቡጀዲያቸው ፊት ተቀምጠው፣ ገዢው ማሉልኝ ሲላቸው ጨርቁን አጥፈው ወደ ጎን የሚያኖሩት አባቱ። ልጄ፣ ቃል ካለህ መሐላ ምን ያደርግልሃል፣ ይሉት ነበር። እሳቸው አንድም ቀን በማንም ነፍስ ላይ እንዲምሉ ተጠይቀው አያውቁም ይሆናል። ወይም ተጠይቀው ለማንም ሳይናገሩ ሞተው ይሆናል። ይህን እስከ ዛሬ አስቦት አያውቅም ነበር።

"ወላሂ" አለ አብደላ። "የቀባሁት እኔ ነኝ።"

ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። ውባንተ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ፤ መሬት ተከፍታ እንደሁ የሚያይ ይመስላል። ከዚያ ለምዱን ኮፈኑ ላይ ወረወረው።

"እስከ ማታ ይለቅ። ለቅቤው ከበዓሉ በኋላ ወልድያ ቀርበህ ታስረዳለህ።" ሲወጣ አጥሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች ተመልሰው እንዲቀመጡ በእጁ አሳያቸው።

አብደላ ቀኑን በሥራ አሳለፈው። ዘበኛው ያለ ወትሮው ምንም ሳይጠይቅ የአመዱን ውሃ አፈላለት። ለምዱ ውሃውን ሦስቴ እስኪለውጥ ታጠበ፤ ቅባቱ እየተንሳፈፈ ወጣ፣ እሱም ለመድፋት ሲሄድ ወደ ጓሮ፣ ከአጥሩ ራቅ አድርጎ ደፋው። ኮፈኑን በሳሙና አጠበ፣ በነጭ ጋዝ አበሰ፣ ጸጉሩ ሲደርቅለት ከመጀመሪያው ጀመረ። ፖሊሹ እንደ ውሃ ተዘረጋ። ማሽኑ ሞቀ፤ ፖሊሹ ግን በቦታው ሆኖ ሥራውን ሠራ፣ እየሳሳ ሄዶ ሲያልቅ ከሥሩ የወጣው ቀለም እንደ ጥልቅ ኩሬ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ሥራውን በደስታ ያየው ነበር። ዛሬ ኮፈኑ ውስጥ የራሱ ፊት ስለታየው ሳያይ ሽራውን አለበሰው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብን ሶላት ጋራዡ ጥግ ሰገደና ወደ ቤት ወጣ። ለምዱን በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። እመት አሰለች ደጃፍ ላይ ተቀብለውት፣ መኪናው እንዴት እንደሆነ ሳይጠይቁ በፊት ጨርቁን ፈቱ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ቆዳው ግን ተኮማትሮ እንደ ጣውላ ደርቋል።

"ምነው እንዲህ ደረቀ?" አሉ በጣታቸው እየመቱት። "አለሳልሼው ነበርኮ።"

"ውሃ ነክቶት ነው እመት። ሥራውን ግን ሠርቶልኛል። መኪናው መስተዋት ሆኗል።"

"ተመስገን" አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። "ለሥራህ መልካም ከሆነ ምን ቸገረኝ።"

መሪጌታ ከመደባቸው ላይ ጉልበታቸውን በባዶ እጃቸው እያሹ ሲያዩት ነበር። የሰሙት ነገር ይኑር አይኑር አላወቀም፤ በትንሽ ከተማ ወሬ ከሰው ቀድሞ ቤት ይገባል። አብደላ የቀረበለትን የስንዴ ንፍሮ በዝግታ በላ። በልጅነቱ ሼኹ ያስተማሩትን እያስታወሰ ነበር፤ መሐላ ያጠፋ ሰው ከፋራው፣ ማስተሰረያው፣ አሥር ድሃ ማብላት ነው፣ ለማብላት ያጣ ሦስት ቀን ይጹም። አውቆ ለማለ ሰው ይብቃው አይብቃው አላህ ያውቃል። ድሆቹ አጥሩ ሥር ሞልተዋል፤ የሚያበላቸው ግን የለውም። ሳህኑን አስቀመጠ።

"እመት፣ ከነገ ጀምሮ ለሦስት ቀን፣ ቀን ቀን ለኔ ምንም እንዳይሠሩ። ጾም ነኝ።"

"የምን ጾም? ረመዳናችሁ አልፎ የለ?"

"የራሴ ዕዳ ነው።"

መሪጌታ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀጥ አለ። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ፤ ቀጥሎም ቀስ ብለው ማሸታቸውን ቀጠሉ። እመት አሰለች ግን የዕዳውን ነገር አልመረመሩም፤ የጾመኛ ነገር ሲነሳ እሳቸው የሚታያቸው ማፍጠሪያው ነው።

"እንግዲያ ማታ ማታ ለማፍጠሪያህ ምን ላቆይልህ?"

አብደላ ቀና ብሎ መቃኑን አየ። ቅሏ ታጥባ፣ አፏ ወደ ታች ተደፍታ ተሰቅላለች።

"ውሃ ይበቃኛል" አለ።